ለዓሣዎቹ ቆስጣ የምታበቅለው ሴት

ባለቤቴ ዓሣዎቹን ያመጣ ሰሞን አልቀናሁም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ክፍለ ሀገር ከሄደች ወዲህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለችው ትንሽ ቤታችን ጭር ብላ ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ፤ እሱ የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ማታ ማታ እኔ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቼን ዘርግቼ፣ እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ ዜና እያየ እንቀመጣለን። አኳሪየሙ በሁለታችን መሀል ሲገባ ቢያንስ የሚንቀሳቀስ ነገር መጣ አልኩ።

የገዛቸው ሲግናል አካባቢ ካለ ሱቅ ነው። ሲክሊድ ይባላሉ። ገሚሶቹ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ናቸው፤ ገሚሶቹ ሰማያዊ ሆነው ጥቁር መስመር አላቸው። ከሁሉ የሚተልቀው ሰማያዊው ወንድ ማንንም ወደ ድንጋዩ አያስጠጋም።

«ቆሮሶ ይመስላሉ» አልኩት በመጀመሪያው ቀን።

«ዘመዳሞች ናቸው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ባለቤቴ እቤት ውስጥ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ቢያንስ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ይወዱታል ብሎ ሥጋ በሥጋ አደረጋቸው። ደረቅ ትል ይሰጣቸዋል፤ አንዳንዴም ከምሳችን ቀንሶ ቀይ ሥጋ አድቅቆ ይጨምርላቸዋል። ብዙም ሳይቆይ አንዷ ቢጫ ሆዷ ተነፋ፤ ጥግ ይዛ ቆመች፤ ከዚያም ሞተች። ሱቁ ውስጥ ወዳለው ሰው ሲደውል ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ጌታዬ፣ እነዚህ እኮ ሐይቅ ውስጥ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ እየጋጡ የሚኖሩ ናቸው። ሥጋው ነው የገደላት። ቅጠል ይስጧቸው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጥ ቤቴ የዓሣዎቹም ወጥ ቤት ሆነ። ቆስጣውን አጥቦ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከር ያደርገዋል፤ ወዲያው አውጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈስበታል። እንዲህ ካልተደረገ ቅጠሉ አይለሰልስላቸውም፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጦ መስታወቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። አተር ሲሆን ቀቅሎ ልጣጩን በጥፍሩ ይገፈዋል። ዝኩኒ ሲሆን ቆራርጦ ሹካ ይሰካበትና ወደ ታች ያሰምጠዋል። የተረፈውን ሳይበሰብስ ለቅሞ ያወጣል። ለኔ አንድ ቀን እንኳ ሽንኩርት ከትፎልኝ የማያውቅ ሰው ለዓሣ አተር ሲልጥ ቆሜ አየሁት።

ዓሣዎቹ የመጀመሪያውን ቅጠል ዞር ብለውም አላዩት። በማግሥቱ ትልቁ ሰማያዊ ቀረብ አለና ገጨት አደረገው። ሸሸ። ተመለሰና ነከሰው። ከዚያ በኋላማ ሁሉም ተጋፍተው መጡ፤ ከቅጠሉ የቀረው ነጩ አገዳ ብቻ ነበር። ባለቤቴ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ልክ ልጁ እንደተመረቀችለት አባት ቆመ።

አንድ ጊዜ ግን ከገበያ የመጣ ቆስጣ ሲሰጣቸው ዓሣዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ውኃውን በባልዲ እየቀዳ ሲቀይር አመሸ። ቅጠሉ መድኃኒት የተረጨበት ነው ብሎ ጠረጠረ። የሥራ ባልደረባው ከሰፈራችን ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ መድኃኒት የማትረጭ፣ አትክልት የምታበቅል ሴት እንዳለች ነገረው። ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት በእግሩ ወጣ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቅዳሜ ነው።

ቆስጣውን እርጥብ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ጠቅልሎ፣ ጫማው አፈር ለብሶ፣ እያፏጨ ገባ። ባለቤቴ አያፏጭም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄደ። በሚቀጥለውም። ጠዋት ወጥቶ የሚመለሰው ለምሳ ነው። አንድ እስር ቆስጣ ለመግዛት ይሄ ሁሉ ሰዓት? ዳገቱ ነው እንዳልል፣ እኔም ዳገቱን አውቀዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሲላጭ ደረስኩበት።

«ለቆስጣ ነው የምትላጨው?» አልኩት።

«ቅዳሜ ነው እኮ» አለኝ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ።

ቅዳሜ መሆኑንማ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቅዳሜዎች ግን እስከ ሰኞ ፂሙን አይነካም ነበር።

ከዚያ በሌላ ቅዳሜ ስልኩ ጠራ። ባለቤቴ ጉንፋን ይዞት ቀርቶ ሻወር ቤት ነበር፤ ስልኩ አኳሪየሙ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም «ቆስጣ» ይላል። አነሳሁት። ሄሎ ከማለቴ በፊት ቀደመችኝ።

«ምነው ዛሬ ቀረህ? ቆርጬ ጠብቄህ እኮ ነው! ፀሐይ ሊያጠወልገው ነው።»

«ቀረህ» ነው ያለችው። «ቀሩ» አይደለም። አትክልት የምትሸጥ ሴት ፀጉሩ የሸበተ ደንበኛዋን አንተ ትላለች?

«ሄሎ? ኧረ ተናገር! እንደ አለቃህ ጉሮሮህን ጥረግ እንጂ!» አለችና ሳቀች። ከልብ የመጣ፣ የሚያምር ሳቅ ነበር።

ዘጋሁት። አለቃው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ስለ አለቃው የነገረኝ ነገር ቢኖር አለቃ እንዳለው ብቻ ነው።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና ዓሣዎቹን አየሁ። ጆሮዬ ይግላል። በዚህ ዕድሜዬ መቅናቴ ራሱ አሳፈረኝ፤ ማፈሬ ደግሞ ቅናቱን አላበረደውም። ሳምንቱን በሙሉ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጬም እንኳ ያቺን ሴት በሐሳቤ እሠራታለሁ። ቀጭን አደረግኋት። ጠይም አደረግኋት። ጥርሰ ነጭ አደረግኋት። እንጆሪ የምታበቅልም አስመሰልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ የሚደርሰው ለቅሶ ነበረው።

«ቆስጣውን እኔ ላምጣ» አልኩት። ፊቱን አስተውዬ አየሁት፤ ይደነግጣል ብዬ ነው።

«ውይ፣ በጣም ጥሩ!» አለኝ። «አስፋልቱ ሲያልቅ ወደ ግራ ነው፤ የቆርቆሮ አጥር አለ። እዚያ ደርሰሽ ጠይቂ፤ ሁሉም ያውቃታል።»

አለመደንገጡ ይበልጥ አናደደኝ።

ለበስኩ። ያውም ለዳገት የማይሆን ጫማ። ፀጉሬን በዋዜማው ተሠርቼ ነበር። ከላይ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ቱታ የለበሱ ወጣቶች እየሮጡ ያልፉኛል፤ ከራጉኤል የሚመለሱ ምእመናን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የጠበል ጀሪካን አንጠልጥለው ቁልቁል ይመጣሉ። ተረከዜ እየተላጠ ወጣሁ። የቆርቆሮውን አጥር ሳገኝ ላብ ፊቴን አጥቦት፣ ያ ሁሉ መሰናዶ ከንቱ ቀርቶ ነበር።

በሩ ክፍት ነው። ወደ ታች የሚወርድ መሬት፣ በመደብ በመደብ የተከፋፈለ፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። ከላይ በትንሽ ቦይ ውኃ ይወርዳል። አንዲት በኔ ዕድሜ ያለች ወፍራም ሴት የጎማ ቦቲ አድርጋ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ትኮተኩታለች። ፈንጠር ብሎ አንድ ሽማግሌ የአጥር እንጨት ይጠርባል።

«እንደምን አደሩ» አልኳት። «ቆስጣ ፈልጌ ነበር።»

ቀና ሳትል «ለወጥ ነው ለዓሣ?» አለችኝ።

«ለዓሣ።»

መኮትኮቻዋን ጣለችው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እንዴ! ሚስቱ ነሽ! ሚስቱ ነሽ አይደል?» ጭቃ እንዳይነካኝ እጆቿን ወደ ውጭ ዘርግታ በክንዷ አቀፈችኝ። «አንተ! ና፣ ና፣ የሰውዬው ሚስት መጣች!»

ሽማግሌው ባሏ ነበር። መጥረቢያውን እንደያዘ መጣና አጎንብሶ ሰላም አለኝ። «እንዴት ነው ያ ቀልደኛ? ባለፈው ሲቀር ተጨንቀን ነበር።»

ቀልደኛ! ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባቸው እንደሆነ አሰብኩ።

ሴትየዋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ቆስጣውን እየቆረጠች ታወራለች። ባለቤቴ ሲመጣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱን ጉድ ያወጋላቸዋል። አለቃው እንዴት ጉሮሮውን ጠርጎ ስብሰባ እንደሚከፍት። ጸሐፊዋ እንዴት በሹክሹክታ እንደምትጮህ። ዓሣዎቹ ቅጠል ሲያኝኩ እንዴት ቂም የያዙ ሴትዮዎች እንደሚመስሉ። ይህን ስትል ከንፈሯን አሞጥሙጣ፣ ዓይኗን አፍጥጣ አሳየችኝ። ባሏ ገና ሳትጨርስ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ጎኔን እስኪያመኝ ነው እኮ የሚያስቀኝ» አለችኝ። «እርስዎ ስለው ‘እንደሱ ካልሽኝ ቀልዱን አቆማለሁ’ አለ፤ እኔም ተውኩት። አንቺማ ታድለሽ! ቤት ውስጥ ስትስቂ ነው የምትውይው።»

«አዎ፣ ያስቀናል» አልኳት።

አሁን ይህን ቃል ስጽፈው ሳቅና ቅናት በአንድ ዓይነት ፊደል እንደሚጻፉ አየሁ። ያን ጊዜ ግን ቶሎ ብዬ መነሳት ነው የፈለግኩት።

ቁልቁል ስወርድ እንባዬ መጣ። ሴትየዋ ባሌን ብትወስደው ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ ወዳጅ ዘመድ እሰበስባለሁ፣ እጮሃለሁ፣ እጣላለሁ። እሷ ግን ምንም አልወሰደችም። የወደድኩትን ሰው ነው እዚያ ያገኘሁት። ስንተጫጭ ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍረን ስንሄድ የረዳቱን ድምፅ በጆሮዬ እያስመሰለ ያስቀኝ ነበር። ትከሻው ላይ ተደፍቼ ስስቅ ተሳፋሪው ዞሮ ያየን ነበር። ያ ሰው መቼ እንደጠፋ አላስታውስም። አንድ ቀን የጠፋ አይደለም። ደክሞት ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ኑሮ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ለካ ደህና ነው። ለካ በየቅዳሜው ዳገት ይወጣል።

ማታ ወረቀቶቼን አልዘረጋሁም። እሱ ቆስጣውን እየነከረ ነበር።

«እዚያ ላይ ቀልደኛ ነህ አሉ» አልኩት።

እጁ ቆመ። «ማን አለ?»

«ሁለቱም። የአለቃህን ጉሮሮ ሳይቀር ሰማሁ።»

«እነሱ ይስቃሉ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እኔስ?»

ቅጠሉን መቆንጠጫው ላይ አደረገው፤ አወጣው፤ መልሶ አደረገው። «አንቺ ስገባ ሁሌ ወረቀቶችሽ ላይ ነሽ። ልነግርሽ ስጀምር ‘ቆይ ይህችን ልጨርስ’ ትያለሽ። እስክትጨርሺ ነገሩ ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ ስጨርስ አትነግረኝም?»

«የቀዘቀዘ ቀልድ ምን ያደርግልሻል?»

«አሁን አስቀኝ።»

«አሁን?»

«አዎ። አለቃህን አስመስል።»

አየኝ። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉንፋኑ ገና አልለቀቀውም ነበርና የምር ሳል ያዘው። ሲጨርስ ሳቅ አልመጣልኝም፤ ውኃ ቀዳሁለት።

«እዚያ ሲሆን ጥሩ ነበር» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደስ አይልም። ቆስጣ አልወድም ብዬ ከምግባችን አወጣሁት። ከሥራ ስመለስ ዝኩኒና ኪያር፣ አተርም እየገዛሁ አመጣ ጀመር። ሱቅ በሱቅ እየጠየቅኩ መድኃኒት ያልነካውን እመርጣለሁ። «እነሱም ይስማሟቸዋል አይደል?» እለዋለሁ። ዓላማዬ ለኔ ግልጽ ነበር፤ ዓሣዎቹ የኔን ከሷ አስበልጠው እንዲበሉ ነው። መስታወቱን ተጠግቼ እጠብቃለሁ። ዝኩኒውን ይቀምሱታል፤ ትንሽ ይግጡታል። ቆስጣው ሲገባ ግን ጥለውት ይሄዳሉ። ዓሣ እንኳ ዳገቱን መረጠ ብዬ ተናደድኩ።

ባለቤቴ ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ክፍለ ሀገር ሲላክ ዓሣዎቹ ለኔ ቀሩ። ጠዋት ዝኩኒ ቀቀልኩላቸው። የሚሰካበትን ሹካ ባጣው በአንድ አዲስ የወጥ ማንኪያ ላይ በክር አስሬ ወደ ታች ለቀቅኩት። ማንኪያው እንደ መስታወት ያበራል።

ትልቁ ሰማያዊ መጣ። ማንኪያው ውስጥ አንድ ሌላ ትልቅ ሰማያዊ አየ። ክንፎቹን ሁሉ ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ነፍቶ ቆመ። ያኛውም ተነፋ። ይሄኛው ጎኑን አዙሮ ጅራቱን አራገበ፤ ያኛውም አራገበ። ዘሎ ገጨው፤ ማንኪያው ተወዛወዘ። ድንጋዩን ጥሎ፣ ምግቡን ረስቶ፣ ከማንኪያው ጋር ግብግብ ገጠመ። ቢጫዎቹ ደግሞ ከኋላ ተሰብስበው ዝኩኒውን ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ እየተቀባበሉ ይበላሉ። አንዷ መሀል ላይ ቆም ብላ አየችው፤ ወላሂ አየችው፤ ከዚያ ወደ ምግቧ ተመለሰች። እሱ ባላንጣውን ጨርሶ አባርሬዋለሁ ብሎ ዘወር ሲል የቀረው ክሩ ብቻ ነበር። ክሩን ነከሰው።

ብቻዬን ሳቅኩ። ጠረጴዛውን ይዤ ሳቅኩ። ሳቁ ሳይቀዘቅዝ ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት።

«ስብሰባ ላይ ነህ?»

«ልገባ ነው፤ ምን ሆንሽ? ምን ሆኑ?»

ነገርኩት። እየነገርኩት ድምፄን አሳበጥኩ፤ ዓሣውን ሆንኩ፤ ማንኪያውን ሆንኩ፤ ቢጫዎቹን እንደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሴቶች አስመሰልኳቸው። ከዚያ ሳቁ መጣ። ያን ሳቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ትንፋሽ አጥሮት «ክሯን ነከሳት?» ይላል። «እስቲ ድገሚልኝ፤ ከመጀመሪያው።» ደገምኩለት። ያን ሳምንት በየቀኑ እየደወለ «አለቃ እንዴት አደረ?» ይለኛል፤ ትልቁን ሰማያዊ ማለቱ ነው። ብዙ ነገር ነገርኩት፤ የትምህርት ቤቱንም። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ የአውቶቡሱን ረዳት አስመሰለልኝ። ያን ያህል አልሆነለትም፤ ግን ሳቅኩ፤ እሱም መሞከሩን አልተወም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን ወጣን። እኔ ሸራ ጫማ አድርጌ። ልቤ ረግቷል፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ አለኝ። ሴትየዋ ከሩቅ ስታየን እጇን አውለበለበች። ገና በሩ ላይ ሳንደርስ ጉንጯን ነፋች፤ ሁለት ክንዶቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ወደ ጎን ወደ ጎን ተራመደች።

«የማንኪያው ጌታ!» አለች። «በስልክ ነግሮን በሳቅ ሞትን እኮ! ‘ክሩን፣ አይ የኔ ጌታ፣ ክሩን ነከሰው!’»

የመጨረሻውን ያለችው በኔ ድምፅ ነው። ቃል ስረግጥ አንገቴን ወደ ኋላ እንደማደርገው፣ አንገቷን ወደ ኋላ አድርጋ። ከማን ተማረችው? አንድ ቀን፣ ያውም ተቆጥቼ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ያየችኝ። ሽማግሌው ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ «ትልቋ ቀልደኛ እቤት ውስጥ አለች ሲለን የነበረው አሁን ነው የገባኝ» አለ።

ባለቤቴን አየሁት። ቦዩን ያያል።

ጨዋታ ተጫወትን፤ ቆስጣውን ተቀበልን፤ ተሰናበትን። መንገድ ላይ እስክንወጣ ጠበቅኩት።

«የኔ ነበር» አልኩት።

«ምኑ?»

«ታሪኩ። ላንተ ነው የነገርኩህ። እዚያው ሆነህ፣ ገና ሳትመጣ፣ ለሷ ደወልክላት።»

«ለሁለቱም ነው የደወልኩት።»

«ለሷ!»

ቆመ። የቆስጣውን ጆንያ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሚስቴ እንዴት እንደምታስቅ ይወቁልኝ ብዬ ነው» አለኝ። «ሁሌ የሚስቁት በኔ ነው። አንቺን አያውቁሽም ነበር። ባለፈው መጥተሽ ስትሄጂ ‘ኮስታራ ናት’ አሉኝ። ከፋኝ፤ ያኔ አንገትሽን፣ ጣትሽን ሳይቀር አስመስዬ አሳየኋቸው።»

ደስ አለኝ፤ ደስ መሰኘቴም አናደደኝ።

«እሺ አስመስለኝ» አልኩት።

«እዚህ?»

«እሷ ያየችውን እኔም ልየው።»

ግራ ቀኝ አየ። ጠበል የያዙ አሮጊት ወደ እኛ ይወርዳሉ። እስኪያልፉ ጠበቀ። ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ የሌለ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ገፋ አደረገ፤ አንገቱን ወደ ኋላ ወሰደ፤ አመልካች ጣቱን አነሳና ዓሣዎቹን እንደ ተማሪ መቆጣት ጀመረ። ሰማያዊውን ወላጅ እንዲያመጣ አዘዘው። ቢጫዎቹን ስለ ሥርዓታቸው አመሰገነ፤ ወዲያው ደግሞ እየበሉ ማውራት ነውር መሆኑን አስታወሳቸው። እኔ ነበርኩ። እንዲያ እንደምቆም፣ ጣቴን እንዲያ እንደማነሳ አላውቅም ነበር። ምን ያህል ቢያየኝ ነው?

መንገዱ ዳር ተቀመጥኩና ሳቅኩ። ያለፉት አሮጊት ዞረው አዩን። እሱም ጎኔ ተቀመጠ፤ ትከሻው ላይ ተደፋሁ። እየሳቅኩ ግን አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም፤ ይህን ፊቴን ከኔ በፊት እሷ አይታዋለች። እንዲህ ሆኜ ነው የቀረሁት። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው እወጣለሁ፤ ሴትየዋን ወድጃታለሁ፤ ቆስጣውም ወደ ማዕዳችን ተመልሷል። እሷ ቀድማኝ የሳቀች ቀን ግን ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።